ከ400 ዓመት በኋላ የተመለሰው ጎረቤት

ወገኖች ሆይ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በሻይ ሰዓት የምናወራው ሁሉ መንፈሳዊ ነው ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ባለፈው እሑድ ለግማሽ ሰዓት የተከራከርነው ስለ ቢቨር ነበር።

ቢቨርን ለማታውቁት፦ ከአይጥ ወገን ነው፤ ግን 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ጅራቱ ጠፍጣፋ መቅዘፊያ ይመስላል። የፊት ጥርሶቹ ብረት ስላለባቸው ብርቱካንማ ቀለም አላቸው፤ በእነርሱ ዛፍ ገዝግዞ ይጥላል፣ በእንጨቱና በጭቃው ደግሞ ወንዝ ይገድባል። የእንግሊዝ ሰዎች ለጠጉሩ፣ ለሥጋውና ከጅራቱ ሥር ለሚገኘው ጠረን ላለው ቅባት ሲሉ እያደኑ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ጨረሱት። አሁን ደግሞ እየመለሱት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በስኮትላንድ ናፕዴል ተጀመረ። በጥቅምት 2023 አምስት ቢቨሮች እዚሁ ምዕራብ ለንደን፣ ከግሪንፎርድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ገቡ። በመጋቢት 2025 ደግሞ በዶርሴት በመንግሥት ፈቃድ ያለ አጥር ተለቀቁ።

ጨዋታውን የጀመሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የአርሲ ገበሬ ልጅ ናቸው። «እኛ ዝንጀሮ ከማሳ ስናባርር ልጅነታችን አለቀ፤ እነዚህ ደግሞ አጥፊውን በመኪና ጭነው ያመጣሉ! ነገ ጅብ ይጨምሩበታል» አሉ።

«ለመሆኑ ይበላል?» አለች አንዷ እህት።

አንድ ወጣት ስልኩን እያየ፣ በመካከለኛው ዘመን አንዳንድ የአውሮፓ ክርስቲያኖች ጅራቱን እንደ ዓሣ ቆጥረው በጾም ይበሉት እንደ ነበር ነገረን። ጋሼ ሻያቸው ትን አላቸው። «ሰው ጾም ለመሻር የማያመጣው ምክንያት የለም!»

«ዓሣውን ግን ይጨርሰዋል» አለ ሌላው። አይጨርስም፤ ቢቨር ቅጠልና ቅርፊት በል ነው። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ግን አልተዋጠላትም፤ በናርንያ መጽሐፍ ቢቨሮቹ ለልጆቹ ዓሣ ያቀርባሉና። ጋሼ ዳኝነቱን ሰጡ፦ «ልዊስ ስለ አንበሳው ልክ ነው፤ ስለ ቢቨሩ ምሳ ግን ተሳስቷል።»

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ያቺው እህት፣ «መመለሱስ መልካም፤ ግን ዛፉ የተቆረጠበት፣ ማሳው ውሃ የተኛበት ሰው ምን ይበል?» አለች። እኔ ሳቄን አቆምኩ።

በዚያው ሳምንት በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አንድ ደብዳቤ ተነብቦ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ተጣልቶ የወጣ ወንድም መመለስ እፈልጋለሁ ብሎ ጽፏል። ያኔ ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርኩ። በጉባኤ ፊት ተነሥቶ፣ ልጆቼ እየሰሙ፣ የሕንፃውን ገንዘብ የት አደረስከው ብሎኝ ነበር። ሒሳቡ ተመረመረ፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። እርሱ ግን በዚያው ወጣ፤ ሦስት ቤተሰቦችም ተከተሉት። ደብዳቤው ሲነበብ፣ «አሁን ሰላም ነን፤ ባናናውጠው ይሻላል» ያልኩት እኔ ነኝ። የመንፈሳዊ ሰው ንግግር ይመስል ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ወደ ቢቨሮቹ ቦታ ሄድኩ። ስሙ ፓራዳይዝ ፊልድስ ነው፤ «የገነት ሜዳ» እንደ ማለት ነው። ቀድሞ የጎልፍ መጫወቻ ነበር። ቢቨር አላየሁም። እንደ እርሳስ የተቀረጹ ጉቶዎችና ጸጥ ብሎ የተኛ ውሃ ግን አየሁ። ያ ውሃ ቢቨሮቹ ከመምጣታቸው በፊት ዝናብ ሲበዛ ወደ መንደሩ ይሮጥ ነበር።

እዚያ ቆሜ ስለ ዴቨን ያነበብኩት ትዝ አለኝ። በኦተር ወንዝ ላይ እስከ 2020 ድረስ ለአምስት ዓመት ሙከራ ተደርጎ ነበር። ግድቦቹ ጎርፉን አዘግይተው ከታች ያሉትን ቤቶች ጠቀሙ። ከላይ ያለው ገበሬ ማሳ ላይ ግን ውሃ ተኛ። የሚጠቀመውና የሚከፍለው አንድ ሰው አልነበረም። ጉዳቱን ያልካዱት ሰዎች መላ አበጁለት፦ እንዳይቆረጥ የሚፈለገውን ዛፍ በሽቦ ይጠቀልላሉ፣ ውሃው ሲበዛ በግድቡ ውስጥ ቧንቧ ያሳልፋሉ። በሩን ግን አይዘጉም።

የእኔም ነገር ይኸው ነበር። ያ ወንድም ቢመለስ ቤተ ክርስቲያን ትጠቀማለች፣ ቤተሰቦቹም ይመለሳሉ። ማሳው ላይ ውሃ የሚተኛበት እኔ ነኝ። «ይቅር በል እንጂ» የሚሉኝ ሁሉ ከታች ያሉት ናቸው።

ታዲያ ፊልሞናን አስታወስኩ። ጳውሎስ ኦኔሲሞስን መልሶ ሲልክ ለፊልሞና ምንም አልተጎዳህም አላለውም። ያጎደለው ነገር ካለ በእኔ ላይ ቁጠረው ነው ያለው (ፊልሞና 18)። መመለስ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚሸከም ሰውም ያስፈልጋል። እኔ ራሴ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ ዕዳዬን ማን ላይ እንደ ተቆጠረ አውቃለሁ። በመስቀል ላይ የተከፈለልኝ ሰው፣ በበር ቆሜ ደረሰኝ እጠይቃለሁ?

ወንድሜን ከአይጥ ወገን ጋር ማነጻጸሬን ይቅር ይበለኝ፤ እኔም ስንት ዛፍ ጥያለሁ።

ረቡዕ ማታ ደወልኩለት። የምለው ጠፍቶኝ፣ «ስለ ቢቨር ላወራህ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። «ልጆችህ ፊት ያልኩህ ነገር አራት ዓመት እንቅልፍ ነሥቶኛል» አለኝ።

ሁሉም ነገር አላለቀም። የፊታችን ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ሦስታችን እንቀመጣለን። ሽቦውም ቧንቧውም ያስፈልገናል። በሩ ግን ተከፍቷል።

እናንተስ ወገኖች፣ «ሰላም ነን» እያላችሁ ከውጭ ያስቀራችሁት ማን ነው? ጌታ ሆይ፣ የተቀበልነውን ያህል መቀበልን አስተምረን። አሜን።