ከሐራ ወደ ግሸን፤ እማዬ አበበችን እያሰብን

በመስከረም ወደ ወሎ ከወጡ ጉዞዎን ከሐራ ይጀምሩት። ከአዋሽ የተነሣው የባቡር ሐዲድ መድረሻው ይህች የቆላ ከተማ ናት። በወሩ ማሽላው ሰው ይውጣል። ለመንገድዎ ዳቦ ይያዙና በመርሳ አድርገው ወደ ደቡብ ያቅኑ፤ አምባሰል ሲገቡ የግሸን ማርያም ተሳላሚዎችን ያገኛሉ።

እዚያ ትንሽ ቆም ይበሉና አንዲት እናት ያስቡልኝ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን የመጡት ለመሳለም ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህ አረንጓዴ አገር በረሃብ ተመቷል። በሞተች እናቷ ሥር የቀረች ሕፃን አዩ፤ አልፈው መሄድ አልቻሉም። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ በዓመቱ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ከእኔና ከልጆቹ ምረጪ ቢሏቸው ልጆቹን ይዘው ትዳራቸውን ተዉ። (ስንቶቻችን እናደርገው ነበር?)

በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች “እማዬ” ሲሏቸው ኖረው፣ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ኮሮና ነጠቀን። 

ከሐራ የያዙትን ዳቦ መንገድ ላይ ላገኙት ልጅ ቆርሰው ይስጡ። እሳቸውም ያን ቀን በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ነበር።