ስም ሲከፈል

የእድራችን ጸሐፊ እንደሆንኩ የአባላቱን ዝርዝር በኤክሴል ላስተካክል ተነሣሁ። ስምና የአባት ስም በአንድ ሳጥን ታጭቀው ነበርና ባዶ ቦታው ላይ እንዲከፍላቸው አዘዝኩት። «እዚህ ጽሑፍ አለ፤ ልተካው?» ሲለኝ ሳላስተውል እሺ አልኩ። የአባት ስም የስልኩን ቁጥር አጥፍቶ ተቀመጠበት። ገብረ ማርያምማ ለሁለት ተሰንጥቆ «ማርያም» የአባቱ ስም ሆና ቁጭ! (የፈረንጅ መሥሪያ ቤትስ ስንቴ እንዲህ አድርጎናል?) እንዲሁ አስቀምጬ ዘጋሁት።

በሳምንቱ አንዲት እናት አረፉ። ቁጥራቸውን በቃሌ ለማውቃቸው ደወልኩ፤ ሌሎቹ ሳይሰሙ ቀብሩ አለፈ። ካልሰሙት አንዱ የእኚያ እናት የአገር ቤት ጎረቤት ነበሩ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ቡና አፈሉልኝ እንጂ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

አሁን ከመክፈሌ በፊት በስተቀኝ ባዶ ዓምዶች እጨምራለሁ፤ ገብረማርያምንም አያይዤ እጽፋለሁ። ቁጥሮቹን ከአሮጌው ደብተር እየለቀምኩ ነው፤ 11 ቀርተውኛል።