ከአዳማ እስከ ባቱ፦ አይብና የወይን ጠጅ በቤት ገበታ

የወይን ጠጅ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበን የሆቴል አዳራሽ ወይም የሠርግ ድንኳን ነው። አይብ ሲባል ደግሞ ከጎመንና ከክትፎ ጎን የሚቀርበው፣ የእናቶች ሙያ የሆነው ነጭ ምግብ ትዝ ይለናል። ሁለቱን በአንድ ገበታ አቀራርቦ እያመሳከሩ መቅመስ በቤታችን እምብዛም የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ በአዳማና በአካባቢዋ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖር ቤተሰብ ሁለቱንም በቅርብ ያገኛቸዋል። ዛሬ ከእርስዎ ጋር በዚህ አካባቢ ጥቂት ተጉዘን፣ ከዚያም ወደ ቤት ተመልሰን ገበታውን እናዘጋጃለን።

ጉዟችን የሚነሣው ከአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ፓርክ መስከረም 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ በተለይ ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ሥራ የታሰበ ነበር። በአገራችን እንዲህ ባሉ የልብስ ፋብሪካዎች ውስጥ በስፌት መኪና ላይ ተጎንብሰው የሚውሉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከትውልድ ቀያቸው ርቀው፣ ቤት ለሁለትና ለሦስት ተከራይተው፣ ከደመወዛቸው ላይ ለወላጅ ልከው የሚኖሩ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ሲያርፉ ልብስ ታጥቦ፣ ቤት ተጠርጎ፣ ቡና ተፈልቶ ይመሻል። ባለትዳር የሆነችዋም ብትሆን እንግዳ በመጣ ቁጥር እርሷ በጓዳ ስትለፋ ሌላው ሳሎን ተቀምጦ ይቀምሳል። እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው በመጀመሪያ እርሷን ነው።

ከአዳማ ወጥተው ሞጆ ሲደርሱ መንገዱ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። በግራ በኩል የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ የተኛበት የቆቃ ሐይቅ ይታያል። ዓለም ጤናንና ቲማቲምና ሽንኩርት በየመንገዱ ዳር የተቆለለባትን መቂን ካለፉ በኋላ፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል ከነበረችው ከባቱ ከተማ ይደርሳሉ። በሐይቁ አቅራቢያ ከጽጌረዳ እርሻዎች ሌላ የወይን ተክልም በረድፍ ተተክሎ ይገኛል። ይህን እርሻ ያቋቋመው ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆን፣ ከዚሁ የተጠመቀው የወይን ጠጅ ሪፍት ቫሊና አካሺያ በሚሉ ስሞች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀርቧል። የተተከሉት ዝርያዎች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት ናቸው። ጅብና ጉማሬ እየገቡ እንዳያበላሹትም በእርሻው ዙሪያ ጥልቅ ቦይ እንዲቆፈር ተደርጓል።

ለመሆኑ የአውሮፓ ወይን በዚህ ሞቃት ምድር እንዴት ሊበቅል ቻለ? ምስጢሩ በከፍታው ላይ ነው። የባቱ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የቀኑ ፀሐይ ፍሬውን ያጣፍጠዋል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ኮምጣጣነቱ ጨርሶ እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል። በአውሮፓ የወይን ግንድ ክረምቱን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ እዚህ ግን ብርቱ ውርጭ ስለሌለ፣ እንደ አገራረዙ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያፈራ ይችላል።

ከአዳማ ሌላ አቅጣጫ ይዘው በመልካሳና በሶደሬ በኩል የአዋሽን ወንዝ ተከትለው ቢወርዱ ደግሞ የመርቲን አካባቢ ያገኛሉ። ስሙ ለእናቶች እንግዳ አይደለም፤ በወጥ ቤታችን የምናውቀው የመርቲ የቲማቲም ድልህ ከዚሁ የመጣ ነው። አዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካም የወይን እርሻው በዚሁ በመርቲ ይገኛል። ፋብሪካው ከአገራችን የወይን ጠጅ ጠማቂዎች በዕድሜ አንጋፋው ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን በመንግሥት ይዞታ ሥር ቆይቶ በ2005 ዓ.ም. ወደ ግል ተዛውሯል። ጉደር፣ ከሚላና አክሱማይት የሚባሉት የወይን ጠጆች የዚሁ ፋብሪካ ውጤቶች ናቸው።

አሁን ወደ አይቡ እንመለስ። አይብ የሚገኘው ወተቱ ረግቶ፣ ተንጦ፣ ቅቤው ከወጣለት በኋላ የቀረው አሬራ በለዘብታ እሳት ሲሞቅ ነው። ቅቤው አስቀድሞ ስለሚወጣለት ስቡ አነስተኛ፣ ጣዕሙ ለስላሳና በመጠኑ ኮምጣጣ ነው። ከጣሊያንኛ በተወሰደው ስም ፎርማጆ የምንለው ደረቁ ዓይነት ደግሞ በጨው ታሽቶ ለሳምንታትና ለወራት ስለሚቆይ ስቡም ጨዉም ይበረታል። እነዚህ ሁለቱ ጠባያቸው የተለያየ ስለሆነ የሚስማማቸውም የወይን ጠጅ የተለያየ ነው።

የማጣመሩ ዘዴ ሲገልጡት ቀላል ነው። በቀይ የወይን ጠጅ ውስጥ ታኒን የሚባል፣ እንደ ወፈረ ሻይ አፍን የሚያደርቅና የሚያጨማድድ ነገር አለ። ይህ ነገር ከፎርማጆው ስብና ገንቢ ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ይለዝባል፤ ጨዉም ምሬቱን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ለደረቅ ፎርማጆ ካበርኔ፣ ሜርሎ ወይም ጉደር ይስማማዋል። ለስላሳውን አይብ ግን ጠንካራ ቀይ የወይን ጠጅ ይውጠዋል፤ አይቡም በአፍ ውስጥ እንደ ኖራ ይሆናል። ለእርሱ የሚሻለው እንደ ሻርዶኔና እንደ ከሚላ ያለው፣ ስኳር የሌለው ነጭ የወይን ጠጅ ነው፤ ኮምጣጣ ከኮምጣጣ ይዋደዳልና።

አይቡ ሚጥሚጣ ከገባበት ነገሩ ይለወጣል። የአልኮል ኃይልና ታኒን የበርበሬን ማቃጠል ያብሳሉ፤ ጣፋጭነት ግን ያበርደዋል። በዚህ ጊዜ መካከለኛ ጣፋጭ የሆነውን አካሺያ ማቅረብ ይበጃል። እንደ አክሱማይት ያለውን ጣፋጭ ቀይ ደግሞ በመጨረሻ ጨው ከበዛበት ፎርማጆ ጋር ያቅርቡት፤ ጨውና ስኳር እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚደጋገፉ ያኔ ያዩታል።

በቤት ውስጥ ሲያዘጋጁ ብዙ ወጪ አያስፈልግዎትም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለቅምሻ ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ያህል ስለሚበቃ፣ አንዱ ጠርሙስ ለ12 ቅምሻ ይደርሳል። ስድስት ባልደረቦች ቢሰበሰቡና እንደ ዕቁብ ልማዳችን መዋጮ ቢያወጡ፣ አንድ ነጭና አንድ ቀይ ጠርሙስ፣ ግማሽ ኪሎ አይብ፣ ጥቂት ፎርማጆና አንድ ድፎ ዳቦ ከበቂ በላይ ነው።

የአዳማ ሙቀት ግን የወይን ጠጅ ጠላት ነው። ነጩን በደንብ አቀዝቅዘው፣ ቀዩንም ከማቅረብዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይተው ያቅርቡት። ማቀዝቀዣ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ያኑሩት፤ እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው።

ቅደም ተከተሉን ከቡና ሥርዓታችን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ቡና ከአቦል ተነሥቶ ወደ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የወይን ጠጅ ቅምሻ ግን ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ፣ ጣፋጩም ወደ መጨረሻ ነው። በመጀመሪያ መልኩን ይዩ፤ ከዚያም ያሽትቱት። ጥቂት ተጎንጭተው ጣዕሙን ይያዙ፤ አይቡን ቅመሱና እንደገና ይጎንጩ። ከዚያም «ምን ተለወጠ?» ብለው እርስ በርስ ይጠያየቁ። በየመካከሉም ዳቦና ውኃ ይቅረብ። ጨዋታው ያለው በዚህ መጠያየቅ ላይ ነው እንጂ በጠርሙሱ ብዛት አይደለም።

ስለ አይቡ ንጽሕና ጥቂት እንጨምር። ካልተፈላ ወተት የሚሠራ አይብ እንደ ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያሉትን በሽታዎች ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ለአይቡ የሚሰጠው ለዘብተኛ ሙቀት ጀርሙን ሁሉ ለመግደል አይበቃም። የሚጠራጠሩ ከሆነ ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ሁለት ሊትር ወተት አፍልተው ያውርዱ፤ የሁለት ወይም የሦስት ሎሚ ጭማቂ ቀስ በቀስ እያፈሰሱ ያማስሉ። ወተቱ ሲቋጠር በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት፤ ጨው ነስንሰው ጨርቁን ቋጥረው ከባድ ነገር ይጫኑበት። ከሁለት ሰዓት በኋላ በቢላዋ የሚቆረጥ ጠንካራ አይብ ያገኛሉ። ከነጭ የወይን ጠጅ ጋር በደንብ ይሄዳል፤ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠውም በሁለት ቀን ውስጥ ይጨርሱት።

በገበታው ዙሪያ የሚቀመጠው ሁሉ የሚጠጣ ላይሆን ይችላል። አዳማ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ከተማ ናት። እርጉዝ የሆነች ሴት አልኮል ጨርሶ መቅመስ አይገባትም፤ የምታጠባም እናት ብትተወው ይመረጣል። መኪና የሚነዳም እንዲሁ። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም አይርሱ። ለእነዚህ ሁሉ ያልፈላ ብርዝ ወይም የወይን ጭማቂ በእኩል ብርጭቆ ይቅረብላቸው፤ አይብ ከብርዝ ጋርም ያማረ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጾም ቤተሰብም አይብ ስለማይቀርብበት ቀኑን አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰው «ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ያስቡት፤ ላሟን አልባ ወተቱን የምትንጠው፣ አይቡን አውጥታ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ገበያ የምታወርደው ሴት ናት። በፋብሪካም በእርሻም ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውለው ሴት ናት። ያፈራችውን ራሷ ተቀምጣ፣ ጣዕሙን ለይታ፣ አስተያየቷን ሰጥታ ብትቀምሰው ማን ይጎዳል? በመጠጥ ቤት በአንድ ምሽት የሚፈስሰው ገንዘብ እንዲህ ያለውን ገበታ ደጋግሞ ይሸፍናል። ባልም በቤቱ ተቀምጦ ሁለት ሲኒ ቀምሶ ከሚስቱ ጋር ቢጫወት፣ ልጆች አባታቸውን በሰላም ሲያወራ ያያሉ።

ስለዚህ በመጪው የዕረፍት ቀን ጎረቤትዎን ወይም የሥራ ባልደረባዎን ይጥሩ። ጠርሙሱን ሌላ ሰው ይክፈት፣ አይቡንም ሌላ ሰው ይቁረስ፤ እርስዎ ግን ለዚያች አንድ ሰዓት ከጓዳ ወጥተው ከገበታው ዙሪያ ይቀመጡ። የመጀመሪያው ቅምሻ የእርስዎ ይሁን።