«ወልደ…» ብዬ የቀረሁበት ጠዋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዕቃዋ በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከላጲስና ከመቅረጫ ጎን የምትቀመጥ፣ እስክሪብቶን ከደብተር ጋር የምታያይዝ መያዣ ናት። ሁለት ቀጫጭን የብረት ከንፈሮች አሏት፤ በእነርሱ የደብተሩን ሽፋን ነክሳ ትይዛለች። በጎኗ ደግሞ እስክሪብቶው የሚገባበት ቀለበት አለ። የገዛኋት በ30 ብር ነው። እንድገዛት ያደረገኝ ግን አንድ በደሌ ነው፤ እርሱን ሳልናዘዝ ስለ ዕቃዋ ባወራ ከንቱ ወሬ ይሆንብኛል።

የምኖረው በሐዋሳ ከተማ በቱላ ክፍለ ከተማ ነው። በሳምንቱ ቀናት ወደ ዩኒቨርሲቲ እመላለሳለሁ፤ በሰንበትና በበዓላት በአጥቢያችን በዲቁና አገለግላለሁ። ቱላን የምታውቁ እንደምታውቁት፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ የእንሰት ጓሮ የሚቀበልባት፣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ሰፈር ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ ዲያቆን በመንገድ ሲያልፍ ዝም ብሎ አያልፍም። አንዱ «ልጁን መቼ ክርስትና እናስነሣው?» ይለዋል። ሌላዋ «የአባቴ አርባ የሚውለው በየትኛው ቀን ነው?» ትለዋለች። ከሁሉም የሚበዙት ግን «በጸሎት አስበኝ» የሚሉት ናቸው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ 18 ቀን ወደ ማታ፣ ዝናብ እያካፋ፣ አንዲት እናት በደጃቸው አስቆሙኝ። በማግሥቱ የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ነበረ። በዚያ ዕለት ወደ ሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ካቴድራል ሕዝብ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ እኛም ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ልንሄድ ተዘጋጅተን ነበር። እርሳቸው ግን ጉልበታቸው ታሞ መሄድ አልቻሉም። ልጃቸው በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከወጣ ወራት አልፈዋል፤ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ አራት ወር ሆኖታል።

«ዲያቆን ልጄ» አሉኝ፤ «ነገ የቂርቆስና የኢየሉጣ ቀን ነው። መልአኩ እናትንና ልጅን ከፈላው ውኃ ያዳነበት ቀን ነው። ለካህናቱ የልጄን ስም አድርስልኝ።»

ስመ ክርስትናውን ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ። ኪሴን ዳሰስሁ፤ እስክሪብቶ የለም። ደብተሬ በእጄ ነበረ፣ እስክሪብቶው ግን ከሰዓት በፊት በተካሄደው ጉባኤ አንድ ወንድም ተውሶኝ ሳይመልስ ቀርቷል። ስልኬም ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ነበር። «አይዞዎት እማማ፣ ይዤዋለሁ» ብዬ ስሙን ሦስት ጊዜ በቃሌ ደገምሁትና ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። ባጃጅ ውስጥ ጓደኞቼን አገኘሁ፤ ስለ መዝሙር ጥናቱ፣ ስለ አልባሳቱ፣ ነገ በስንት ሰዓት እንደምንነሣ ተነጋገርን። ተኛሁ፤ ተነሣሁ። በማግሥቱ ጠዋት አንድ የማውቃቸው አባት ከመግባታቸው በፊት የሚታሰብ ስም እንዳለኝ ጠየቁኝ። አፌን ከፈትሁ፤ «ወልደ…» አልሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣልኝም። ወልደ ሚካኤል ይሆን? ወልደ ሰንበት? ወልደ ማርያም? ስንት «ወልደ» አለ! አባታችን ጥቂት ጠበቁኝና ደወል ሲደወል ገቡ። እኔም «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። እናት የምታጠባውን ልጅ ብትረሳ እንኳ እርሱ እንደማይረሳ፣ በእጁ መዳፍም እንደ ቀረጸን በነቢዩ ነግሮናል (ኢሳ. 49፥15-16)። ነገር ግን ይህን እውነት በዚያ ጠዋት የተናገርሁት ለማመን አልነበረም፤ ለመሸሽ ነበረ። መሸሼ የታወቀኝም ከዚያ በኋላ ለ12 ቀናት በእርሳቸው ደጅ ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ መመላለሴን ሳስተውል ነው።

ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ገባ። ከቅዳሴ በኋላ እኒያ እናት ምርኩዛቸውን ይዘው በቅጽሩ ውስጥ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ስሙን አደረስህልኝ?» አሉኝ። «አዎን» የምትለው ቃል ከምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ነገር ግን ገና የተቀደሰውን አገልግዬ መውጣቴ ነውና ፈራሁ። «ረሳሁት እማማ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

አልተቈጡም። ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አይተው እንዲህ አሉኝ፤ «እኔኮ እግዚአብሔር ይረሳዋል ብዬ አይደለም። ከእኔ ሌላ ስሙን የሚጠራ ሰው ይኑር ብዬ ነው።»

በዚያው ሳምንት ይህችን የእስክሪብቶ መያዣ ገዛሁ።

በወገቡ ቀለም የያዘው ሰው

ነቢዩ ሕዝቅኤል ባየው ራእይ ስድስት ሰዎች የማጥፊያ መሣሪያ በእጃቸው ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ይመጣሉ። በመካከላቸው ግን በፍታ የለበሰ፣ የጸሓፊም የቀለም ቀንድ በወገቡ ያለ አንድ ሰው አለ። እግዚአብሔር አስቀድሞ የሚያዝዘው ይህን ሰው ነው፤ በከተማይቱ መካከል ያልፍ ዘንድ፣ በውስጧ ስለሚሠራው ርኵሰት የሚያለቅሱትንና የሚተክዙትንም ፈልጎ በግምባራቸው ላይ ምልክት ያደርግ ዘንድ ይልከዋል (ሕዝ. 9፥2-4)።

ይህን ምንባብ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በወገቡ ስላለው ዕቃ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ትእዛዙ ሲመጣ ሰውየው ቀለም ፍለጋ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ከጎኑ ቆሞ ከነበረውም «አውሰኝ» አላለም። በጥንት ዘመን ጸሓፊ መሣሪያውን ከገላው ሳይለይ ይይዝ ነበር። በግብፅ ጸሐፍት መቃቸውን የሚሰኩበት ስንጥቅና ለጥቁርና ለቀይ ቀለም የሚሆኑ ሁለት ጉድጓዶች ያሉት ጠፍጣፋ እንጨት ነበራቸው። በሕዝቅኤል መጽሐፍ የምናገኘው የዕብራይስጥ ቃልም ከዚሁ ከግብፃውያን መሣሪያ ስም የመጣ እንደ ሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ በ30 ብር የገዛኋት ዕቃ አዲስ ነገር አይደለችም፤ የዚያ መሣሪያ ታናሽ እኅት ናት።

ሌላም ያስደነገጠኝ ነገር አለ። በፍታ ለባሹ ሰው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ተመልሶ መጥቶ እንደ ታዘዘው ማድረጉን ተናገረ (ሕዝ. 9፥11)። እኔም ነጭ ልብሰ ተክህኖ እለብሳለሁ፤ የምታለቅስ እናትም ወደ እኔ ተልካ ነበር። ተመልሼ የምናገረው ግን አልነበረኝም።

አባቶቻችን ስምን እንዴት ጠበቁት

የእኛ አባቶች በመቃ ብዕር በብራና ላይ ሲጽፉ ቀለማቸውን የሚይዙት በከብት ቀንድ ነበረ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከሌሎች ነገሮች ቀምመው ያቆዩታል፤ ጸሓፊው መሬት ላይ ተቀምጦ የቀንዱን ሹል ጫፍ ከአጠገቡ በመሬት ይተክለዋል። መጽሐፉ ሲፈጸም ደግሞ ማንገቻ ባለው የቆዳ ማኅደር ይገባል፤ በመንገድ ከትከሻ፣ በቤት ከግድግዳ ይንጠለጠላል። ብዕሩም ቀለሙም መጽሐፉም ማረፊያ ማረፊያ ነበራቸው።

በእነዚያ የብራና የጸሎት መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር የሚታይ ነገር አለ። በጸሎቱ መካከል የመጽሐፉ ባለቤት ስመ ክርስትና ይገባል፤ ብዙ ጊዜም የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት በቀይ ቀለም ይጻፋል። መጽሐፉ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም በቦታው የገባባቸው ገጾች ብዙ ናቸው። ጸሓፊውም በመጨረሻ የራሱን ስም ጽፎ አንባቢው በጸሎት እንዳይረሳው ይለምናል። ወራት የፈጀ ድካም ጨርሶ የሚጠይቀው ዋጋ ስሙ እንዲጠራለት ነው። አባቶቻችን እግዚአብሔር ስማቸውን እንደሚያውቅ ከእኛ ይልቅ ያምኑ ነበር፤ ቢሆንም ይጽፉት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል፤ የአብነት ትምህርታችን የቃል ትምህርት አይደለምን? ተማሪው ዜማውን በልቡ ይዞት የለምን? አዎን፤ ነገር ግን የአብነት ተማሪ አንዱን ቃል ሌሊትና ቀን ይደጋግመዋል፤ መምህሩም ሳያጸናው ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም። እኔ ግን ያን ስም ሦስት ጊዜ ብቻ ደግሜ ወደ ባጃጅ ገባሁ። በቃል የመያዝን ድካም ያልደከመ ሰው፣ በጽሑፍ የመያዝን ትሕትና መናቅ አይችልም።

«ስልክ እያለ?» ለምትሉኝም መልስ አለኝ። ስልክ ወደ ቅድስት አይገባም፤ ባትሪውም ያልቃል። ከሁሉም በላይ ስም ልጽፍበት ስከፍተው ሌላ መልእክት ይቀበለኛል፤ አጠገቤ የቆሙት እናትም እያለቀሱ የስልኬን ጀርባ ያያሉ። በደብተር ላይ ስጽፍ ግን ስሙ ሲጻፍ በዓይናቸው ያያሉ። አንዳንዶች ፊደሉን ባያነቡ እንኳ ጣታቸውን ዘርግተው «እዚህ ላይ ነው?» ይሉኛል።

ጥቂት ምክር

እንዲህ ያለውን መያዣ ለምትገዙ ወንድሞችና እኅቶች ከልምዴ ልንገራችሁ። ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ በደንብ ይይዛል፤ ሽፋኑ ስስ ከሆነ ግን ይቀድደዋልና ካርቶን ለጥፉበት። በስፌቱ በኩል ሳይሆን በሚገለጠው ጠርዝ በኩል አድርጉት። እስክሪብቶው ቀጭን ሆኖ ከቀለበቱ የሚሾልክ ከሆነ ጥቂት ፕላስተር ጠቅልሉበት። መግዛት የማይችል ሰው ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀጭን ቀለበት ቆርጦ ሽፋኑ ላይ ቢያስገባ ያው ሥራ ይሠራለታል። ጉባኤ ላይ «እስክሪብቶ ያለው?» ለሚለው ወንድም ደግሞ ሌላ ትርፍ በቦርሳችሁ ያዙ፤ የታሰረውን አታውሱ። ይህን የምለው ተምሬበት ነው።

ስለሚጻፈውም አራት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ፣ ስሙን ሙሉ ጻፉ፤ ግማሽ ስም ማንንም አይጠራም። ሁለተኛ፣ ስሙንና የሚታሰብበትን ቀን ብቻ ጻፉ፤ የሰውን ምሥጢርና ኃጢአት በደብተር አታስፍሩ፤ ኑዛዜ ለንስሐ አባት ነው። ሦስተኛ፣ የጻፋችሁትን አንብቡ። እኔ በጥቅምት ወር ሁለት ገጽ ሙሉ ስም ሰብስቤ ለሁለት ሳምንት ሳልገልጠው ቀርቼ አውቃለሁ። መያዣዋ እስክሪብቶዬን ይዛልኛለች፤ ልቤን ግን አልያዘችልኝም። ደብተር ውስጥ የተዘጋ ስም ከተረሳ ስም ብዙም አይሻልም። አራተኛ፣ ስሙ ከተጠራ በኋላ ተመልሳችሁ ለአደራ ሰጪው «አድርሻለሁ» በሉት፤ በፍታ ለባሹም እንዲሁ አድርጓል።

ይህ ለዲያቆናት ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከእናንተ መካከል «በጸሎትሽ አስቢኝ» ያልተባለች እኅት፣ «አስብሃለሁ» ብሎ ያልረሳ ወንድም ማን ነው? መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራል (ዮሐ. 10፥3)። እርሱን የምንከተል ከሆንን ቢያንስ የአንድ ሰው ስም በትክክል እንወቅ።

ያን ጊዜ በቅጽሩ ውስጥ ስሙን እንደገና ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ። የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ አለ። ለካህናቱም በየጊዜው አደርሰዋለሁ፤ ለእናቱም በደጃቸው ሳልፍ እነግራቸዋለሁ። ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ የልጃቸው ድምፅ አልተሰማም። እርሳቸው ግን ሲያዩኝ አስቀድመው የሚያዩት እጄን ነው፤ ደብተሩ ካለ፣ እስክሪብቶውም በቦታው ከሆነ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ያሳልፉኛል።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ስትጸልዩ በባዕድ አገር መንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ አስቡ፤ እርሱ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል።

የእናታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል ጥበቃ፣ የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ ኢየሉጣ በረከት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።