በንፋስ መውጫ የተዘረጋው ሰንጠረዥ

ንፋስ መውጫ ይህን ስም ለምን እንዳገኘች ለመረዳት ከመኪና መውረድ ብቻ ይበቃል። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ መንገደኛ ደብረ ታቦርን አልፎ በጉና ተራራ ትከሻ ይጓዛል። ክምር ድንጋይን ካለፈ በኋላ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወዳለችው የላይ ጋይንት ከተማ ይደርሳል። መንገዱ እዚያ አያበቃም፤ በጨጨሆ በኩል ወደ ጋሸና፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ይቀጥላል። ወደ ላሊበላ የሚሄደውም በዚሁ ያልፋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ንፋስ መውጫን የሚያውቃት ትኩስ ሻይ ጠጥቶ፣ ጋቢውን አጥብቆ ሲያልፍ ነው።

እኔ በ2015 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ዘመዶቼን ለመጠየቅ ሄጄ አምስት ቀን ሰነበትኩ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። ገብሱ ታጭዶ፣ ድንቹ ከየጓሮው ተቆፍሮ፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ውርጭ የሆነበት ወቅት ነው። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ጥግ ይደረደራሉ። ልጆቹ ደግሞ ብርዱ የነካቸው አይመስልም።

ከተማዋ ግን ከጉዳቷ ገና አላገገመችም ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገብቶ ለዘጠኝ ቀናት ያህል ቆይቷል። ሆስፒታሉ ተዘርፏል፤ በሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበውታል። ዓመት ከመንፈቅ አልፎ እንኳ በየቤቱ ያላለቀ ጉዳይ ነበር። ለአርባ ዓመት ያህል ነርስ ሆኖ የሠራ ሰው ቤት ሲገባ ዓይኑ ዝም ብሎ አያርፍም፤ ማን በደንብ እንደሚበላ፣ ማን እንደማይተኛ፣ ማን ከሰው እንደራቀ ማየቱ አይቀርም።

ከሰው ከራቁት አንዱ የጎረቤቱ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እንደ አካባቢው ወግ አያ ልበላቸው። ከብቶቻቸው በዚያ ነሐሴ አልቀዋል። ልጃቸው «ሲስተር፣ ደም ግፊቱን ለኪልኝ» ብላ ስትጠራኝ ግፊቱ ደህና ነበር። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው የማይናገረው? ከጠየቅነው በቀር ቃል አይወጣውም» አለችኝ። ቤተሰቡ ይወዳቸዋል፣ ይንከባከባቸዋል። ከእጃቸው ዱላ ሲወድቅ ሦስት ሰው ነው የሚያነሳው። ሲናገሩም ማንም አይከራከራቸውም።

ታቦታቱ ከገቡ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሰፈሩን ለጨዋታ ጠሩ። «ውድድር አለ፤ ሽማግሌና ልጅ ይጋጠማል» አሉ። እኔ ገበጣ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገበጣን በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰው፣ ጠጠር ቆጥረው ያደጉበት ጨዋታ ነው፤ ልጆቹ ይሸነፋሉ። ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ቼስ ተምረዋል፣ በስልክም ይጫወቱታል፤ በቼስ ሽማግሌዎቹ ይሸነፋሉ። መምህሩ ሁለቱንም ትተው ማንም የማያውቀውን መረጡ፦ ሰንጠረዥን በጥንቱ ሕግ።

ሰንጠረዥ ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስበው የቁጥር መደርደሪያውን ነው። ለእኔም በሥራ ዘመኔ ሰንጠረዥ ማለት በየወሩ መጨረሻ የሚሞላው የሪፖርት ቅጽ ነበር። ቃሉ ግን የጥንት ጨዋታ ስም ነው። ከሕንድ ተነስቶ በፋርስና በዐረብ አገር በኩል አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰንጠረዥ ተባለ። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አሰባስበው አሳትመዋል። በዚያው ዓመት ስለ ገበጣም ጽፈው፣ በአገራችንና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል።

መምህሩ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር መስመር አስምረው ስምንት በስምንት ቤት አዘጋጅተዋል። የጥንቱ ገበታ እንዲህ ነበር፤ እንደ ዛሬው ቼስ ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። ጠጠሮቹን ከባሕር ዛፍ እንጨት ራሳቸው ጠርበዋል። ንጉሡ አንድ ቤት ወደፈለገበት ይሄዳል። ከጎኑ የሚቆመው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ኃይለኛ አይደለም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ዘልሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። ፈረስና ደር እንደምናውቃቸው ፈረስና ግንብ ናቸው። እግረኛው መደቅ ይባላል፤ ሲነሳም አንድ ቤት እንጂ ሁለት አይሄድም።

ይህ ሁሉ ለልጆቹ ቀላል ነበር። ያስደነገጣቸው የአጀማመሩ ሕግ ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በየፊናቸው፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለዋውጣል። ይህ ወረራ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ በተራ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ስለ አሸናነፍ ነው። በዛሬው ቼስ በምንም ገደልክ በምን ማሸነፍ ማሸነፍ ነው። በሰንጠረዥ ግን ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል ክብር የለውም። በፊል ወይም በፈርዝ ሲሆን ደህና ነው፤ በሁለት ፊል ሲሆን ይደነቃል፤ በመደቅ የገደለ ግን ይወደሳል። መምህሩ ለዚህ ነጥብ አበጁለት፦ በደርና በፈረስ አንድ፣ በፊልና በፈርዝ ሁለት፣ በመደቅ ሦስት። ሽልማቱ ድፎ ዳቦ ነው፤ አሸናፊው ይቆርሳል፣ ሁሉም ይበላል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ታሪክ ነገሩን። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ነበር። ጨዋታው ጫጫታ የሞላበት ነው። ዙሪያውን የከበበው ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ ያሻውን ይመክራል፤ ጠጠሩንም አንስቶ «እንዲህ አድርግ» እያለ ያሳያል። ሶልት አንድ ነገር ግን ልብ ብሏል፤ ተጋጣሚዎቹ በብልሃት ሁልጊዜ ራስን ያስሸንፏቸው ነበር። ሰዉ ሳቀ። «እኛም መመልከቻችን ዝም ማለት አይደለም፤ ማንም ይናገር» አሉና መምህሩ ጨዋታውን ከፈቱ።

አራት ጨርቅ ተዘረጋ። እንደዚያ ያለ ጫጫታ በዚያ ግቢ ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደተሰማ እንጃ። ሴቶቹ ከቡናው ተነስተው «ፈረሱን! ፈረሱን!» ይላሉ። አንድ ሕፃን ልጅ ለአያቱ ሊያግዝ ገብቶ የተጋጣሚውን መደቅ ይዞ ሮጠ። ልጆቹ በወረራው ሰዓት ቶሎ መብላት ይወዳሉ፤ ስልኩ ያስለመዳቸው እንደዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን አይቸኩሉም። እርሻ ያረሰ፣ ከብት የጠበቀ ሰው ቦታ መያዝ ምን እንደሆነ ያውቃል።

አያ በዕጣ የገጠሟት የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ነበር። ልጅቱ በቼስ ከክፍሏ አንደኛ ናት። አያ ሲቀመጡ ምንም አላሉም። እሷ አንድ ስታንቀሳቅስ እሳቸው አንድ፤ ስታቆም ያቆማሉ። ደሮቻቸውን ከጥግ አወጡ፤ መደቆቻቸውን እንደ አጥር ደረደሩ። ልጅቱ ትዕግሥቷ አልቆ በፈረሷ አንድ መደቅ በላች፤ ወረራው አበቃ። አያ ወዲያው ፈረሷን በሉባት። ያኔ ነው ሰው ወደዚያ ጨርቅ መሰብሰብ የጀመረው።

ልጅቱ ግን ጎበዝ ናት። ቀስ በቀስ አገገመች፤ ከብዙ ትግል በኋላ ንጉሣቸውን ጥግ አስያዘች። በደሯ አንድ እርምጃ ብትሄድ ጨዋታው ያልቃል። ሁላችንም አየነው። ጫጫታው በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። እናቷ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ «ተይላቸው፤ ሌላ ተጫወቺ» አለቻት። ልጅቱ እጇን ከደሩ ላይ አነሳችና ወደ አንድ መደቅ ወሰደችው።

አያ ቀና አሉ። «ምን አለችሽ?» አሉ።

ልጅቱ ዝም አለች።

«መምህሩ የነገረውን አልሰማሽም? የሚለቀቅለት ለራስ ነው። እኔ ራስ አይደለሁም። ያየሽውን ተጫወቺ።»

ልጅቱ እናቷን አየች፤ ከዚያ ደሩን አንስታ ገደለች። አንድ ነጥብ። አያ ገበታውን ረጅም ጊዜ አዩት። «በደርማ ማንም ይገድላል» አሉ። «በመደቅ ግደይኝና ያኔ አጨበጭብልሻለሁ። ደርድሪ!» ሰዉ እንደገና ተንጫጫ።

ድፎ ዳቦውን የቆረሰው ሌላ ሰው ነው፤ አንድ ካህን በፊል ሁለት ጊዜ ገድለው በነጥብ በለጡ። ከዳቦው በኋላም ግን አያና ልጅቱ ከጨርቁ አልተነሱም። ብርዱ ሲበረታ ጨርቁ ወደ ቤት ገብቶ ምድጃው ዳር ተዘረጋ። አንዱን በፊል ሲያሸንፏት «አየሽ፣ አልቀመጠም አልኩሽ እኮ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ልጅቱም እየተናደደች ትከራከራቸው ነበር። እናቷ ወደ ጓዳ ገብታ ዓይኗን ጠረገች።

ጨዋታ የጦርነት መድኃኒት ነው አልልም። በማግስቱ አያ ተመልሰው ፀሐይ ጥግ ዝም ብለው ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። የጠፉት ከብቶችም አልተመለሱም። ያየሁት ግን ይህን ነው፦ ያ ቤተሰብ በፍቅር ብዛት ሽማግሌውን እንደሚሰበር ዕቃ ይዟቸው ነበር። የሚከራከራቸው፣ የሚያሸንፋቸው፣ የሚያስቆጣቸው ሰው ጠፍቶ ነበር። የሚያስቡት ሁሉ አስቀድሞ እሺ ከተባለ፣ ሰው ለምን ይናገራል?

እኛ አያቶችም በተራችን ይህንኑ በልጆች ላይ እናደርጋለን። እንዳያለቅሱ ብለን እንለቅላቸዋለን፤ ልጅ ግን የተለቀቀለትን ያውቃል። ካሸነፍናቸው ደግሞ ሁልጊዜ እኛ በምናውቀው ጨዋታ ነው፤ እነሱም በስልካቸው ይበቀሉናል። የመምህሩ ብልሃት ሁለቱም እኩል አዲስ የሆኑበትን፣ ማንም ለማንም መልቀቅ የማያስፈልገውን ጨዋታ ማግኘታቸው ነው። ለዚያ የረዳቸውም አዲስ ነገር አይደለም፣ አባቶቻችን የተዉት ሕግ ነው።

ለመሞከር ብዙ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ የቼስ ጠጠር ካለ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር አስምሩ፤ ንግሥቲቱን አንድ ቤት በሰያፍ ብቻ አስኬዷት፤ ጳጳስ የሚሉትን ጠጠር ሁለት ቤት አዝልሉት። ጨዋታውን በወረራ ጀምሩ። ጎረቤት ጥሩ፤ ቡና ይፈላ፤ ማንም ዝም አይበል። የልጅ ልጃችሁ ሊለቅላችሁ እጁን ሲያነሳ ካያችሁም፣ አያ ያሉትን በሉት።