የእማማ ዕድሜ

አያታችን እማማ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በሰኔ 2016 ዓ.ም. እዚህ ካምፓላ፣ ኪቡሊ ላይ አረፉ። የስደተኛ ካርዳቸው የተወለዱት እንደ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1940 ነው ይላል። ናኪቫሌ ያላችሁ ይቺን ጃንዋሪ 1 ታውቋታላችሁ፤ መዝጋቢው ሲገምት የሚጽፋት ናት።

እኛ ሒሳቡን ከራሳቸው ሰምተናል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ እማማ ፍየል ይጠብቁ ነበር፤ ስምንት ዓመት ቢሆናቸው ነው። በካርዱ ከሄድን እኮ ያኔ ገና አልተወለዱም! ካርዱ የዋጠው አሥራ ሁለት ዓመት ታዲያ ደጋግመው የሚያወሩት ነበር፦ ጭሱ፣ እናታቸው አዝለውት የሸሹት ታናሽ ወንድማቸው፣ ዋሻ ውስጥ የበሉት ጥሬ ሽምብራ።

የኪቡሊ ጎረቤቶቻችን “ጃጃ” ይሏቸው ነበር፤ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው። እማማ ሉጋንዳ ሦስት ቃል አይችሉም፣ ቡናው ግን ያግባባ ነበር። ከኮረብታው መስጊድ አዛን ሲሰማ ወሬውም ስኒውም ባለበት ይቆማል።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ። እኛ ስልክ ይዘን ስንሯሯጥ እሳቸው “አውሮፕላን አለ?” ብለው ብቻ ጠየቁ። ያን ሌሊት አልተኙም።

ለቀብር ወረቀት ሲሞላ ጸሐፊው ካርዱን አይቶ 84 ብሎ ጻፈ። እኛ አልተከራከርንም፤ የመቃብራቸው ምልክት ላይ ግን 96 አስጻፍን። ጎረቤቶቻችን “ጃጃ የሚለውንም ጨምሩበት” አሉ። ጨመርንበት።