አረፋው ሲደርቅ



የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ፍሎቴሽን ላይ ነው። የተፈጨ የመዳብ ድንጋይ ከውሃ ጋር ይደባለቃል፤ ማዕድኑ ውሃን እንዲሸሽ የሚያደርግ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ከዚያ አየር ይነፋበታል። ማዕድኑ ከአየሩ ጋር ተጣብቆ በአረፋ ይወጣል፣ ተራው ድንጋይ ከታች ይቀራል። በአገራችን ቀንጢቻ የሚገኘው ስፖዱሚን የተባለው የሊቲየም ማዕድንም በዚህ ዘዴ ከሚለዩት ዓይነቶች ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ያገኘሁት ጥቂት ነበር። ስለዚህ አየሩን ለቀቅኩት፣ አረፋ የሚፈጥረውንም ዘይት ጨመርኩ። አረፋው ትሪውን ሞላው፤ ደስ አለኝ። ደርቆ ሲመዘን ክብደቱ ጨምሯል፣ የመዳብ ድርሻው ግን ወርዷል።

ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መገናኛ የየካ አባዶ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ቁጥሩን በልቤ አስተካክለው ጀመር። «ትንሽ ከፍ ብታደርገው ማን ያውቃል?»

ቤት ስደርስ ታናሽ እህቴ ልብስ ታጥባለች። ኦሞ አብዝታ ሳፋው በአረፋ ተሞልቷል። እማዬ ጄሪካኖቹን እያየች፣ «አረፋ ልብስ አያጠራም፣ ልጄ! ይሄን ለማለቅለቅ ያጠራቀምነውን ውሃ ልትጨርሺው ነው» አለቻት። ሳቅኩ፤ ከዚያ ዝም አልኩ።

የእኔም ጥፋት ይኸው ነበር። አየር ሲበዛ አረፋው ቶሎ ቶሎ ይወጣል፤ በመሐሉ ያለው ውሃ ለመንጠፍጠፍ ፋታ አያገኝም። ውሃው ደግሞ ደቃቁን ተራ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ዘይቱ ሲበዛም አረፋው አልፈርስ ይላል፣ ውሃም ይሸከማል።

በማግስቱ አየሩንና ዘይቱን ቀነስኩ፤ አረፋው ወፈር ብሎ እንዲቆይ አደረግኩ። የወጣው ትንሽ ነበር፣ ጥቂት መዳብም ከታች ቀርቷል፤ ድርሻው ግን ተሻሻለ። ሦስቱንም ውጤት እንዳሉ ጻፍኩ። አማካሪዬ ረጅም ሰዓት የጠየቀኝ ስለተበላሸው ሙከራ ነበር። አስተካክዬው ቢሆን ኖሮ ምን እመልስ ነበር?

ሱረቱ አር-ረዕድ 17ኛ አንቀጽ ላይ ስለ አረፋ የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። በእኔ ሥራ ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኝ ነበር፤ የምንፈልገው አረፋው ላይ ነዋ! ግን እዚህም አረፋው የሚመዘነው ደርቆ ነው። የሚቆጠረው ውሃው ሄዶ የቀረው ነው።

የፈተናና የፕሮጀክት ወቅት ነው፤ ቁጥሮቻችን አማና ናቸው። አላህ ያግዘን።